መክት በሕይወት ሳለ

ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከድብ ባሕር በላይ፣ ከአላምረው ቤት

ቄስ ፍቅረ ማርያም፣ እዚህ ቤት አስረህ ያስቀመጥከኝ አንተ ነህ። ሰላምታው ከዚህ ይቀጥላል፤ ይህ ግን ቀድሞ ይጻፍ ብዬ ነው።

እንዴት ከረምክ? ባለቤትህስ? ሕሊናስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ጉልበቴን ነው እንጂ ሌላዬ ደህና ነው። በሰው ፊት አንቱ እልሃለሁ፤ ካህን ነህና ይገባሃል። በወረቀት ላይ ግን አንተ ነህ። እናትህ፣ እህቴ፣ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርክ፤ አፍንጫህን እየጠረግኩ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። እንግዲህ አትቀየመኝ።

በአያ በላቸው በኩል «ውሻው አለ ወይ?» ብለህ ያስጠየቅኸው ደርሶኛል። አለ። አክስትህም አለች፤ ባትጠይቅም።

ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። ወንድሜ አላምረው በሰኔ 2013 ነፍሱ ልትወጣ ስትል አንተ ከራስጌው ተቀምጠህ ኑዛዜውን ተቀበልክ። ልጅ አልነበረውምና ቤቱንና መሬቱን ለአንተ ተናዘዘ። ድምፁ ደክሞ ስለነበር ጆሮህን ወደ አፉ አስጠግተህ የቀረውን አንተ ብቻ ሰማህ። ከዚያ ወደ እኔ ዞርክና «መክት በሕይወት ሳለ ይህን ቤት ለቀሽ እንዳትወጪ፣ ውሻውንም ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ፣ በእግዚአብሔር ስም ገዝቼሻለሁ» አልከኝ። እያለቀስኩ እሺ አልኩ። መክት ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ውሻ ምን ያህል ይኖራል? አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት አልኩ። አንተም በዚያው ክረምት ጎንደር ደብር አገኘህና ሄድክ። ይኸው አሁን አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ገበያና ቤተ ክርስቲያን ደርሼ እመለሳለሁ እንጂ ከዚያን ቀን ወዲህ ከሌላ ቤት አድሬ አላውቅም።

የደብራችንን ቄስ ጠይቄ ነበር። «የሌላውን ግዝት እኔ አልነካም፣ ያሰረሽ ይፍታሽ» አሉኝ። ግዝት አፍርሼ ብሞት ፍትሐት እንደማይደረግልኝ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

አሁን ግን ምልክት ማየት ጀምሬያለሁ። ፊቱ እስከ ዓይኑ ድረስ ሸብቷል፤ ዱቄት ውስጥ አፉን የከተተ ይመስላል። ከኋላው ብጠራው ጆሮውን አያነቃንቅም። ዓይኑ አጓት የገባበት መስሏል። ጠዋት ሲነሳ የፊት እግሮቹ ይነሱና የኋላዎቹ ይቀራሉ፤ እንደ ተጣላ ጎረቤት አንዱ አንዱን ይጠብቃል። ይህ የሞት ምልክት ነው ወይ? ሕሊና የእንስሳ ሕክምና አይደል የምትማረው? ጠይቅልኝ።

የምቸኩልበትን ታውቀዋለህ። ልጄ ፅዮን፣ ሁለት ጽንስ የጨነገፈባት፣ አሁን ሦስተኛውን ይዛለች። የካቲት ውስጥ ትወልዳለች። ሐኪሞቹ ከጎንደር ንቅንቅ እንዳትዪ ብለዋታል። እናቷ ከአጠገቧ እንድትሆን ትፈልጋለች። «እማ፣ ብቻዬን እፈራለሁ» ብላ ልካብኛለች።

ወይ ፍታኝ፣ ወይ ጊዜውን ንገረኝ።

አክስትህ አባይነሽ


ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቄስ ፍቅረ ማርያም፣ ሰላም ላንተና ለቤትህ ይሁን። ደብዳቤህ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰኝ። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ነው።

ሕሊና የጠየቀችኝን በቅድሚያ ልመልስ። ዓይኑ ነጭ ነው ወይስ ሰማያዊ ብላለች፤ ጭስ የመሰለ ሰማያዊ ነው። ያያል። ዶሮ ስታልፍ አንገቱን እያዞረ ይከተላታል። ውሃ ከድሮው አብልጦ አይጠጣም። ሽንቱ አያመልጠውም። ከሆዱ ሥር ባቄላ የምታህል እብጠት አለችው፤ ስጫናት አያመውም። አፉ ይሸታል። ሁለት ጥርስ የለውም፣ አንዱ ይወዛወዛል። ክብደቱን አላውቅም፤ የጎድን አጥንቱ ግን በእጅ ሲዳሰስ ይቆጠራል።

ያዘዘችውንም ሠርቻለሁ። ከአውድማ ገለባ አምጥቼ ወፍራም መኝታ አነጠፍኩለት። ብርድ መገጣጠሚያውን ይይዘዋል ስላለች ከአጥሩ ሥር አንስቼ ከቤት ውስጥ፣ ከበሩ ጎን አስተኛሁት። አጥንት ከለከልኩት። ቂጣውን በሞቀ ውሃ አርሼ፣ አንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት በቀን ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት አደርግለታለሁ። በማይጎረብጥ ሜዳ ላይ ጠዋትና ማታ አንሸራሽረዋለሁ። ጥፍሩም አድጎ ሲረግጥ እግሩን እያጣመመው ኖሯል፤ ቆረጥኩለት። አያ በላቸው ስቆርጥለት ደርሶ «እታባይ፣ ልትድሪው ነው እንዴ?» አለኝ። «አንተንስ ማን ይቆርጥልሃል?» አልኩት። እግሩን ወደ ጋቢው ሰበሰበ።

ምን ሆነ መሰለህ? ሳምንት ሳይሞላ ውሻው ዳነ። ጅራቱን ሰቅሎ ደጃፍ ተቀመጠ። ትናንት የጎረቤታችንን የይበልጣልን በግ አባረረ፤ አልደረሰባትም እንጂ። ሕሊና «ያዩት የእርጅና እንጂ የሞት ምልክት አይደለም፤ እንዲህ ከተያዘ ሁለት ዓመትም ሊኖር ይችላል» ብላለች። ሸጋ። ጠፍር በቅቤ ከታሸ አይበጠስም። እኔ የታሰርኩበትን ጠፍር በገዛ እጄ ቅቤ እያሸሁት ነው።

«ግዝት በደብዳቤ አይፈታም፣ በአካል ነይ» ያልከውንም አነበብኩ። በአካል እንድመጣ ከቤት መውጣት አለብኝ። ከቤት እንዳልወጣ ገዝተኸኛል። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ ይህን ደግመህ አንብበው።

በጽሑፍ መያዝ እንደማትወድ አውቃለሁ። እኔ እስከ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ በአውራ ጣቴ ስፈርም የኖርኩ ነኝ። ባሌ ሞቶ ወደዚህ ቤት ስመለስ፣ ከአባቴ የሚደርሰኝን መሬት ለአላምረው ትቻለሁ የሚል ወረቀት ላይ ጣቴን በቀለም አጥቅሰው አሳረፉኝ። ምን እንደሚል የነገረኝ የለም። ቀለሙ ከጣቴ ሳይለቅ ነው የፅዮንን ደብተር ገልጬ ፊደል መቁጠር የጀመርኩት። ስለዚህ የምትለውን ጻፈው፤ እኔም ማንበብ እችላለሁ።

አባይነሽ


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበርሽ አክስቴ እታባይ፣

የአባቶቻችን አምላክ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። እኛ በቸርነቱ ደህና ነን። በጸሎትሽ አትርሺን።

በግዝቱ ጉዳይ ጥቂት ታገሺኝ። ነገሩ በችኮላ የሚደረግ አይደለም። ሊቃውንቱን እጠይቃለሁ። ትዕግሥት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው።

በሰሜን በኩል ያለው ክዳን ዘንድሮ አፈሰሰ ወይ? ከወንዙ ዳር ያለውን ማሳስ ማን አረሰው? አጥሩ እንዳይደፈር አደራ። ሰው ያለበት ቤት መሆኑ ሁልጊዜ ይታወቅ።

ለውሻው ሕሊና ከታች ጽፋልሻለች።

ልጅሽ ቀሲስ ፍቅረ ማርያም

እማማ አባይነሽ፣ እንደምን አሉ? ቀን ቀን ፊቱን ወደ ማእዘን አድርጎ ይቆማል፣ የለመደውን በር ይስታል ብለው በኋላ በላኩት ወረቀት የጻፉትን አባቴ አሳየኝ። ሲያረጁ አእምሯቸውም ይደክማል። ዕቃ ከቦታው አይቀይሩበት። ከኋላው አይንኩት፣ ስለማይሰማ ይደነግጣል፤ ከፊት ለፊቱ መጥተው በመጀመሪያ እጅዎን ያሽትት። ጥርሱ ከታመመ በእጅዎ ጥቂት ጥቂት ያጉርሱት። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ለጉልበትዎ ከጤና ጣቢያ የሚሰጡዎትን ኪኒን አዝነው እንዳይሰጡት። ሰውን የሚያሽል ማስታገሻ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ያቃጥላል። አንድ ሁለት ፍሬ ሊገድለው ይችላል። ሕሊና።


ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቄስ ፍቅረ ማርያም፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰህ። ለጥምቀቱም በሰላም ያድርስህ።

ክዳኑ ያፈሳል። ማሳውን ይበልጣል አርሶታል። አጥሩ ቆሟል። ሰው ያለበት ቤት መሆኑም ይታወቃል፤ ጠዋት ጠዋት ጭሴን ያዩታል። ስለ እኔ አንድ መስመር ጠይቀህ ቢሆን ስለ እኔም እመልስልህ ነበር።

መክት የሕሊናን ምክር ወዶታል። ከፊት ለፊቱ እመጣለሁ፣ እጄን ያሸታል፣ ከዚያ ይተኛል። ቂጣውን እያለሰለስኩ አጎርሰዋለሁ። ልጄን እንኳ ጡት ከጣለች ወዲህ እንዲህ አላጎረስኳትም። ማእዘን ይዞ መቆሙ ግን አልተወውም። ግንቡን እያየ ይቆማል፣ መውጫ የጠፋበት ይመስል። በሩ ከኋላው ክፍት ነው። እኔ መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። እሱ ማእዘኑን ያያል፣ እኔ በሩን አያለሁ። ሁለታችንም አንወጣም። አንዳንዴ ትከሻውን ይዤ አዞረዋለሁ። እኔን ማን ያዙረኝ?

ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ኔትወርክ መጥቶ የፅዮንን ድምፅ ሰማሁ። እግሯ አብጧል። «እማ፣ ትመጫለሽ አይደል?» አለችኝ። «እመጣለሁ» አልኳት። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ምን ብዬ ልመልስላት ነበር? ውሻው አልሞተልኝም ልበላት? አንድ ጊዜ ነግሬያት «ከእኔና ከውሻው ማን ይበልጥብሻል?» ብላኝ አልቅሳለች። ግዝት ምን እንደሆነ የዛሬ ልጅ አይገባውም።

አሁን የምነግርህን በደንብ አንብበው። ልጅህ ስለ ኪኒኑ የጻፈችውን አንብቤያለሁ። እኔ ስማር የዘገየሁ ነኝና ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ይህን ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኪኒኑ ከራስጌዬ በጨርቅ ተቋጥሮ አለ። ልጅቷ ምንም ክፋት የለባትም፤ አደራ ብላ ነው የነገረችኝ። ነገር ግን ከዚህ ቤት የሚያስወጣ ሌላ በር እስከ ዛሬ ያሳየኝ የለም።

ሰዎች የካቲት መጀመሪያ ላይ መንገዱ ጥቂት ቀን ይከፈታል ይላሉ። እስከ የካቲት መባቻ ድረስ «ፈትቼሻለሁ» የምትል አንዲት መስመር ላክልኝ። ሊቃውንቱን ጠይቀህ ጨርሰህ እንደሆነ ዛሬ ጻፈው። አልጨረስክ እንደሆነም ዛሬ ሂድና ጠይቅ።

እየለመንኩህ ነው። ልመና አልወድም፣ ታውቀኛለህ።

አባይነሽ


የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቄስ ፍቅረ ማርያም፣

«ዝም አልሽ፣ ታመምሽ ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አልታመምኩም። የምጽፈው ጠፍቶኝም አይደለም። እጄ ነው እምቢ ያለኝ።

እስከ የካቲት መባቻ ጠበቅኩ። ከአንተ የደረሰኝ ስለ አጥሩ ነው።

የካቲት 3 ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሁለት ፍሬ ኪኒን በድንጋይ ወቅጬ፣ በእንቁላልና በቅቤ ፈትፍቼ አጎረስኩት። ከእጄ ነው የበላው። እጄን መጀመሪያ አሸተተ፣ እንደለመደው። ሲያበቃ ጣቶቼን አንድ በአንድ ላሳቸው። ከዚያ ልብሴን በነጠላ ቋጥሬ፣ ጫማዬን አድርጌ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ሲያልቅ ልቀብረውና ልሄድ ነው። መቆፈሪያውንና አካፋውንም አዘጋጅቻለሁ። ሁሉን እነግርሃለሁ ካልኩ ይህም ይነገር።

አልሞተም። ጥቁር ነገር አስመለሰው። ሆዱን ወደ መሬት ለጥፎ ተንቀጠቀጠ። በማግስቱ መነሳት አቅቶት በደረቱ እየተሳበ መጣና ራሱን ከቋጠርኩት ልብስ ላይ አሳረፈ። ማን እንዳሳመመው አላወቀም። የሚደበቅበት ፈልጎ የመጣው ወደ እኔ ነው። ገፋሁት። ተመልሶ መጣ። ደግሜ አልገፋሁትም።

ጨውና ስኳር በፈላ ውሃ በጥብጬ፣ ቀዝቅዞ ሲደርስ በማንኪያ በአፉ ጎን አንጠባጠብኩለት። ጎኑ እንዳይቆስል እያገላበጥኩ አስተኛሁት። ከሥሩ ያለውን ገለባ በቀን ሁለቴ ቀየርኩ። መንገዱ የተከፈተው የካቲት 8 ቀን ነው። አራት ቀን ተከፍቶ ሰነበተ። የማኪናው ጥሩምባ ከአስፋልቱ እስከዚህ ይሰማል። አያ በላቸው ሮጦ መጥቶ «እታባይ፣ ዛሬ ካልሄድሽ አትሄጂም!» አለኝ። ማንኪያውን ይዤ አየሁት። ያስቀረኝ ግዝቱ ብቻ ነው ብል ውሸት ነው። በግማሽ የገደልኩትን ጥዬ መሄድ አቃተኝ።

ፅዮን የካቲት 12 ቀን ወለደች። ሴት ልጅ። ብዙ ደም ፈሷት ሁለት ቀን ራሷን አታውቅም ነበር አሉ። አጠገቧ የነበረችው ቤት ያከራየቻት ሴት፣ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ናት። እጇን የያዘቻት እሷ ናት። ስሜን ስትጠራ የሰማቻት እሷ ናት። እኔ ገለባ እየቀየርኩ ነበር።

ወሬውን ያመጣው አያ በላቸው ነው። ዝም ስል «ምነው እታባይ፣ ልጅ ተወልዶ ዝም ይባላል?» ብሎ ተቆጣኝ። ከደጅ ወጥቼ ለሴት ልጅ የሚባለውን ያህል እልል አልኩ። መክት አልሰማውም፤ ተኝቷል።

ይህ ንስሐ አይደለም። ንስሐ ለአንተ አልገባም። ሕሊናን ጠይቅልኝ፤ ጨጓራው የተቃጠለ ያረጀ ውሻ ምን ይበላል? ጾም ቢሆንም እንቁላል እየቀቀልኩለት ነው፤ ጎረቤት «የአባይነሽ ውሻ ገደፈ» እያለ ይስቃል። ስትጠይቃት ግን ማን እንዳቃጠለው ሳትደብቅ ንገራት። ልጅቷን አትቆጣት። እሷ የጻፈችው እንዳይሞት ነበር።

አባይነሽ


ጎንደር፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታባይ፣

ደብዳቤሽን ለሕሊና ላነብላት ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ። ከእጄ ወስዳ ራሷ አነበበችው። ከዚያ «አባዬ፣ ውሻ እስኪሞት የሚል ግዝት በየትኛው መጽሐፍ አለ?» አለችኝ። ለእሷ ያልመለስኩትን ላንቺ እጽፋለሁ።

አላምረው በጆሮዬ የነገረኝ «ውሻውን አደራ» የሚል ብቻ ነው። ቤት እንዳትለቅ አላለም። ያን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ቤቱ ባዶ ከቀረ መሬቱን ሌላ ይይዘዋል ብዬ ፈራሁ። እኔ ደግሞ እዚያ ተቀምጬ አላርስም፤ ልቤ ጎንደር ነበር። ሰው ማስቀመጥ ነበረብኝ። አንቺ ግዝት እንደምትፈሪ አውቅ ነበር።

የንስሐ አባትሽ እኔ አልነበርኩም። በአንቺ ላይ የማሰርም የመፍታትም ሥልጣን አልነበረኝም። ያን ዕለትም ይህን አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ብትቆይ ውሻው ይሞታል፣ ነገሩም በራሱ ያልቃል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሊቃውንቱን እጠይቃለሁ ያልኩሽም ውሸት ነው፤ ማንንም አልጠየቅኩም። ምን ብዬ እጠይቃለሁ?

የታሰርሽበት ነገር አልነበረም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሄድ ትችዪ ነበር።

ይቅር በዪኝ ለማለት ብዕሬ አልደፈረም።

ፍቅረ ማርያም

እማማ፣ ለስላሳ የሩዝ ወይም የአጃ ገንፎ ያለ ቅመምና ያለ ቅቤ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ። ድዱ ከነጣ ወይም ሰገራው ከጠቆረ ደሙ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው፤ ላኩብኝ። ከሆነልዎ ይዘውት ይምጡ፤ ክሊኒክ አሳየዋለሁ። ከአባቴ ጋር ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገርንም። ሕሊና።


ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
ድብ ባሕር፣ ከአስፋልቱ ዳር

ቄስ ፍቅረ ማርያም፣

«እስከ ሰኔ ብቻ ቆዪ፣ ዘር እስኪዘራ ድረስ» ያልከው በፋሲካ ማግስት ደርሶኛል። እውነቱን ጽፈህ ወር ተኩል ሳይሞላ ይህን መጻፍህ አስገርሞኛል። መልሴን አሁን እየጻፍኩልህ ያለሁት ከሱቅ በረንዳ፣ ከባቄላ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ይህን ደብዳቤ ቀድሞኝ በሚሄደው ሚኒባስ እልክልሃለሁ፤ ከእኔ በፊት እንዲደርስህ።

ምነው እስካሁን ቆየሽ የምትል እንደሆነ፣ መክት እስኪቆም ነው። መንገዱም ተዘግቶ ነበር። አሁን ግን አንድ ወገን ተከፍቷል ይላሉ፣ የነገው አይታወቅም። የልጅቷ ክርስትና ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ በግንቦት ልደታ ነው።

ከቤት እስከ አስፋልቱ ያለውን ቁልቁለት ታውቀዋለህ። መክት ሃያ እርምጃ ሄዶ ይቀመጣል። የመንደሩን ሰዎች ቃሬዛ አውሱኝ አልኳቸው። አያ በላቸው «እታባይ፣ በሽተኛው ማን ነው?» አለ። «መክት» አልኩ። የተነሣውን ሳቅ አንተም ጎንደር ሆነህ ሳትሰማው አልቀረህም። «የሰው ቃሬዛ ላይ ውሻ! ነገ እኔን በምን ልትሸከሙኝ ነው?» አለ ይበልጣል። «አንተንማ በአህያ» አልኩት።

በመጨረሻ አህያ ላይ የተጫነው መክት ሆነ። በአንድ ወገን ትልቁን ቅርጫት አስረን መክትን በገለባ አስተኛነው፤ በሌላው ወገን ክብደቱን የሚያስተካክል ስንዴ ጫንን። አህያዋ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች። አሥራ ሦስት ዓመት ሲጮህባት የኖረ ውሻ ጎኗ ላይ ሲተኛ እሷስ ምን ትበል? አያ በላቸው ልጓሙን ይዞ «ነይ እንግዲህ፣ ሹም ነው የጫንሽው» እያለ አወረዳት። ሰው በየደጁ ወጥቶ አየን። ሕፃናቱ ተከተሉን። አላፈርኩም። ለማፈር የሚሆን ነገር ካለ የካቲት 3 ቀን ማንም ሳያየኝ አሳልፌዋለሁ።

ሚኒባሱ ውሻ አልጭንም አለ። ባቄላ የጫነ አይሱዙ ግን አለ፣ ሾፌሩ ባዬ ይባላል፤ መክትን ቁልቁል አይቶ «ይነክሳል?» አለኝ። «ጥርስ የለውም» አልኩት። «ይጮሃል?» «አይሰማም፣ ለምን ይጮሃል?» «እንግዲያ ከእኔ ረዳት ይሻላል፣ ጫኚው» አለ። ከጆንያዎቹ መሐል ንፋስ የማይመታው ቦታ አገኘንለት። ወይዘሮ ወለተሩፋኤልንም ፅዮን አስፈቅዳታለች። «ወጣት ውሻ ቢሆን እምቢ እል ነበር፤ አሮጊትና አሮጌ ውሻ ግን ግቢ አያፈርሱም» ብላለች አሉ። የፅዮን ክፍል አንዲት ናት። በዚያች ውስጥ ልጄ፣ ባሏ፣ ሕፃኗ፣ እኔና ሽንቱ ማምለጥ የጀመረው ውሻ። ከጠባብ ወጥቼ ወደ ጠባብ ነው የምገባው፤ ዓይኔን ጨፍኜ አይደለም። ፅዮንም ገና አላነጋገረችኝም። «ይምጡ» ብላ ነው በሰው የላከችብኝ። እናቷን «ይምጡ» ማለት የጀመረችው ከየካቲት ወዲህ ነው።

ውሻውን የምወስደው ስለ ግዝትህ አይደለም። የሌለ ግዝት አያስወስድም። አላምረው አደራ ስላለም አይደለም፤ አላምረው እኔንም ለማንም አደራ ሳይል ሞቷል። ሁለት ኪኒን ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የተረፈውን ዕድሜ ሌላ ሰው ይጠብቅለት ማለት አልችልም። ሕሊና ነገ ከመናኸሪያው እንድትቀበለኝ ልኬባታለሁ። እሷን እንዳትከለክላት።

ስለ ቤቱ። በሩን ዘግቼ ቁልፉን ለአያ በላቸው ሰጥቻለሁ፤ ስትመጣ ከእሱ ተቀበል። ማሳው ታርሶ ያድራል ወይ፣ ክዳኑ ያፈስሳል ወይ፣ እሱ የአንተ ነው። ጭስ የሚታይበት ቤት ከፈለግህ ራስህ ሄደህ እሳት አንድድ። አራት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ከጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ በሩ ክፍት ነበር፣ አንተ ታውቃለህ፣ እኔ አላውቅም። የልጄን ምጥ በዚያ ውስጥ አሳለፍኩ። ሟች ያላለውን ቃል አንተ አልክብኝ፣ እኔም በእሱ ሰበብ ሕያው ነገር መረዝኩ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ብዕርህ አልደፈረም ብለሃል። ሸጋ አደረገ። ቢደፍር መልስ አልነበረኝም።

ባዬ ጥሩምባ እየነፋ ነው። አንድ ነገር ቀርቶኛል። የሕፃኗ ክርስትና አንተ በምታገለግልበት ደብር ነው፤ ለፅዮን ቤት የሚቀርበው እሱ ነው፣ ሌላ ፈልጊ ልላት አልችልም። እኔም እመጣለሁ። ከዚያም በኋላ በየሰንበቱ ለማስቀደስ እመጣለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን የምቀርበት ምክንያት የለኝም። ቅዳሴ ሲወጣ መስቀልህን ይዘህ በሴቶቹ በኩል ስታልፍ ታየኛለህ። በሕዝብ ፊት አላዋርድህም፣ ድምፅም አላሰማም። እኔ ጋ ስትደርስ ግን አትቁም፣ እለፍ። ከኋላህ የሚመጣውን ካህን እጠብቃለሁ። ከአንተ እጅ ከእንግዲህ መስቀል አልሳለምም።